የታችኛው ህርበክ ሙሽራ

ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው ትንሽ ካልጨመረበት ለምን ይላካል? የእኔ እምነት ይህ ነው። ቶሚ እዚህ ቶሮንቶ፣ ብሉር መንገድ አካባቢ ባለው ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራ፣ ዘሩ ከቼክ የሆነ መካኒክ ነው። የአቶ ገረመውን ልጅ ሔርሞንን ሊያገባ ቢፈልግ፣ አባትየው «በወጉ በሽማግሌ ካልተጠየቅሁ አልሰጥም» አሉ። የሚልከው ዘመድ ስላልነበረው እኔንና ጓደኛዬን ኸይረዲንን ለመነን።

አገሩን መጠየቃቸው እንደማይቀር አውቄ አስቀድሜ አስወራሁት። መንደራቸው ዶልኒ ህርበክ ትባላለች፤ ታችኛው ህርበክ ማለት ነው። ረግረግ ዳር የተቀመጠች፣ ስልሳ የማይሞላ ሰው የሚኖርባት፣ ቄስ የሌለው አንድ ቤተ ክርስቲያን ያላት ናት። የአገሩ ስም በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት አራት ጊዜ ሲቀያየር እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከጉብታው ላይ ላይኛው ህርበክ አለ። የዚያ ሰዎች የዓሣ ኩሬያቸውን በከፈቱ ቁጥር ውሃው የታችኞቹ ቤት ይገባል። እንግዲህ ይህን ይዤ የሰው ልጅ ልጠይቅ? ደጋ እያለ ረግረግ ላውራ?

እሑድ ዌስተን ሰፈር፣ አቶ ገረመው አፓርታማ ገብተን ቆምን። ዐይኔን በጨው ታጥቤ መንደሯን ጉብታው ላይ አወጣኋት።

«ልጃችን የላይኛው ህርበክ ሰው ነው» አልሁ። «አገሩ ደጋ ነው፣ ነፋሻ። ሐይቅ አላቸው። አያቶቹ የታቹን ሰው ሲያዙ የኖሩ ናቸው።»

«ደወላቸውም ከሩቅ ይሰማል» ብሎ ኸይረዲን ጨመረበት። ደወል መኖሩን ያን ጊዜ መስማቴ ነው።

የአቶ ገረመው ፊት ጠቆረ።

«እኔ የታች አምባ ሰው ነኝ፤ ቆለኛ» አሉ። «አባቴ ከላይ አምባ ልጅ ቢያስጠይቁ፣ የላይ አምባ ሰዎች ሽማግሌዎቻቸውን ከደጅ ነው የመለሷቸው። ልጄን ቁልቁል ለሚያያት አልሰጥም። ለልጁ ሌላ ፈልጉለት።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የምገባበት ጠፋኝ። ኸይረዲን እግሬን ረገጠኝና ታች መኪና ውስጥ የሚጠብቀውን ቶሚን ኮል አደረገው። ሙሽራ በሽምግልና አይገኝም፤ ወጉም እዚያው ፈረሰ። ልጁ በአዲስ ሱፍ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ ይዞ ገባ።

«አገርህ ላይ ነው ታች?» አሉት አቶ ገረመው።

ቶሚ እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«ታች» አለ፣ ከሔርሞንና ከእኛ በለቀማት አማርኛ። «ቬሪ ታች። ውሃ ቤት ይገባል።»

አቶ ገረመው ሳቃቸው መጣና ዋጡት። «ታዲያ ካናዳ ምን አመጣችሁ?»

«የአያቴ አባት የላይኛው ህርበክ ልጅ ወደደ። አባቷ ኖ አለ። ታች ለሚኖር አልሰጥም አለ። ሁለቱ ጠፍተው ቶሮንቶ መጡ።»

«አባቷስ?»

«ከዚያ በኋላ አላናገራትም።»

«አባትየው ማን ይባሉ ነበር?»

«አይ ዶንት ኖው» አለ። «አያቴም አታውቅም። ስሙን ማንም አያውቅም።»

ወጥ ቤት ሔርሞን የከፈተችው ውሃ ተዘጋ። አቶ ገረመው ደነገጡ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ልጁን የከለከለ አባት ስሙ እንዲህ ነው የሚጠፋው?

አቶ ገረመው ቶሚን እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ገረመው አንዳርጌ እባላለሁ» አሉት። «አንዳርጌ ወልደሐና። ወልደሐና ተድላ። በል ድገመው።»

«ገረመው አንዳርጌ» አለ ቶሚ። «አንዳርጌ ወልደ...»

«ወልደሐና። ቀስ በል። ለልጆቻችሁ የምታስቆጥረው አንተ ነህ።»