ሰፊው አልጋ

"ቀስ! ጉበኑን ነቀላችሁት እኮ!" እያሉ የተማሪዋ አማት ከውስጥ ይጮኻሉ። ከውጭ ሁለት ተሸካሚዎች አንድ ባለ ሜትር ከሰማንያ አልጋ በጠባቧ በር ለማስገባት ይታገላሉ። ተማሪዋ ከባሏ ጎን ዝናብ ላይ እንደቆመች ቀረች።

"የማን አልጋ ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ" አለ ባሏ፤ ፊቱ ግን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። ከተጋቡ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ አብረው የሚኖሩበት ቤት ግን የላቸውም። እሷ የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ስትሆን ከሰባት ሴቶች ጋር በኮሌጁ መኝታ ክፍል ታድራለች። እሱ ዳቦ ቤት ሌሊቱን ሲጋግር ያድርና ቀን ቀን ከዱቄት ጆንያዎቹ በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ ከሌሎቹ ጋጋሪዎች ጋር ይተኛል። ትዳራቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፌ ውስጥ፣ አንድ ሻይ ለሁለት እየጠጡ የሚኖሩት ትዳር ነው። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ኮሌጁ ለሁለት ወር የክረምት ዕረፍት ይዘጋል፤ መኝታ ክፍሉም ይቆለፋል።

ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰው ነበር። ኮሌጁ ተማሪዎችን ሩቅ ገጠር ወዳለ ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ ይልካል። መኝታና ምግብ አለው፣ ትንሽ አበልም አለው። አንድ ወር ወይም ሁለት ወር መምረጥ የተማሪው ፈንታ ነው፤ ምርጫውን እስከ ዓርብ ማሳወቅ ይበቃል። እሷ አንዱን ወር ሄዳ ትሠራለች፤ በአበሏ ለሁለተኛው ወር አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አንድ ወር ብትሆንም የራሳቸው ናት። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ባሏን ተኝቶ የምታይበትን ቀን ስታስብ ልቧ ድንግጥ ይላል።

"ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ" ብሏት ነበር።

አልጋው በመጨረሻ በጎኑ ገባ። እሱ ከገባ በኋላ ክፍሏ ሌላ ነገር የምትይዝ አልሆነችም። አማቷ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ውጭ፣ የጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። የድሮው አልጋቸው ከቦታው የለም።

"ሸጥኩት" አሉ ላባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "እኔማ ለወገቤ መሬት ነው የሚስማማኝ፤ እዚያ ጥግ ፍራሽ ጣል አድርጌ እጥፍ እላለሁ። መጋረጃ ይኖራል፣ አይዞሽ! ደግሞ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም።"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ተማሪዋ መግቢያ ጠፋት።

"መኪናዎን ዝናብ ይመታዋል እኮ፣ እማማ" አለች።

"ለሁለት ወር ምን ይሆናል ብለሽ ነው? አንቺ ሰኞ ስትመጪ ልጄም ከቆጡ ይወርድልኛል። ሰው ናፍቆኛል፣ ልጄ።"

ተማሪዋ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ብሎን ያጠብቃል፤ ብሎኑ ቀድሞውንም ጠብቋል።

"ሰኞ ትመጣለች ያለዎት ማን ነው?"

"እሱ ነዋ! ከሦስት ሳምንት በፊት 'ኮሌጁ ሲዘጋ እኔ ዘንድ ትምጣ፤ አልጋ ልግዛላችሁ?' ብዬ ብጠይቀው 'እሺ እማዬ' አለኝ።"

ሰውየው እንዲህ ነው። "እሺ ይበልጣል ከሺ" ሲባል የሰማ ዕለት ሌላውን ቃል ሁሉ እርግፍ አድርጎ የተወ ይመስላል። ዳቦ ቤት ውስጥ ስሙ "አቶ እሺ" ነው። አሠሪው ፈረቃ ጨምር ሲለው እሺ፣ እናቱ ትምጣ ሲሉት እሺ፣ ሚስቱ ልሂድ ስትለው እሺ። ክፋት የለበትም። እሷም የወደደችው ለዚሁ ነው፤ እምቢታ ብቻ የሚያውቅ አባት አሳድጓት፣ እሺ የሚል ወንድ ስታገኝ የተሳካላት መስሏት ነበር። አሁን ግን አንገሸገሻት።

"ንገራቸዋ" አለችው።

"ኧረ ቆይ... ሰው ፊት..."

ተሸካሚዎቹ ነገሩ አላማራቸውምና ሂሳባቸውን ተቀብለው ውልቅ አሉ። አማቷ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ምንድን ነው? ክፉ ነገር ነው እንዴ?"

ተማሪዋ ባሏ ይናገራል ብላ ጠበቀችው፤ ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ ቆረጠች።

"ገጠር ልምምድ ደርሶኛል፣ እማማ" አለች። "ሰኞ እሄዳለሁ።"

አማቷ ልጃቸውን አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"ምን ነበር ቀደም ብለህ ብትነግረኝ?" አሉት። "ያን የሸጥኩትን አልጋ እኮ አባትህ ነው የገዛው።"

አማቷ የተማሪዋን አንጀት በሉት። ሁሉ ነገር ከተበላሸ በኋላ እንኳን፣ ባሏ አንዴ "አትሂጂ" ቢላት ትቀር ነበር። "ትሂድ፣ ስትመለስ ቤት እንከራያለን" ቢልም ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ከሁለቱ አንዱን እንዲል ብቻ ነበር የፈለገችው።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለችው።

"እኔ ምን እላለሁ?" አለ ከብሎኑ ቀና ሳይል። "እናንተ የተስማማችሁበት ይሁን።"

ውጭ ዝናቡ የስፌት መኪናውን ላስቲክ ይደበድባል።

"ለስንት ጊዜ ነው የምትሄጂው፣ ልጄ?" ሲሉ አማቷ ጠየቁ።

ይህቺን እንኳን ባልየው ያውቃታል። ቀና ብሎ "ለአንድ ወር" ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ለሁለት ወር ነው፣ እማማ" አለች።