የስድስተኛዋ ላም ደም

ሰፈር ውስጥ ስሜ «አፍሉት» ነው። ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወተት ካየሁበት ቤት «አፍሉት» ሳልል ወጥቼ አላውቅም። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የወተት ላሞችን በሽታ ነው የምንመረምረው። በተለይ አንዲት ባክቴሪያ አለች፤ ላሟን ታስወርዳለች፣ በጥሬ ወተት አልፋም ሰው ትይዛለች። እሷን ሳሳድድ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰው ይስቅብኛል፣ እኔም እቆጣለሁ፤ ቁጣ መቼም አይጎድለኝም። እንግዲህ ይኼው ሰውዬ ነው በሕይወቱ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ «ጥሬውን ጠጪ» ያለው። ያውም ለገዛ እህቱ ልጅ። ምላሴን በቆረጠው!

እህቴ ከከተማው ዳር ግቢ አላት፣ ስድስት ላሞችም አሏት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኖረችው በላሞቹ ነው፤ አንዲት ልጇንም ያሳደገችው በእነሱ ነው። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የተባለው ለእሷ ይመስለኛል። ልጅቷን ድንቡሼ ነው የምላት። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ሊፈነዳ የደረሰ ነበር። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ሆናለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ያልገባችበት ሐኪም ቤት፣ ያልዋጠችው ክኒን የለም። ባለፈው ዓመት ነው ያረገዘችው። እህቴ ልትነግረኝ ደውላ ለቅሶው አላናግር ቢላት፣ «ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩባት። «ድንቡሼ…» አለች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። እኔም ነገሩ ሲገባኝ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰውዬ፣ ስልክ ይዤ!

የድንቡሼ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት የለም። ስለዚህ እርግዝናው እስኪያልቅ እናቷ ዘንድ ትቀመጥ ተባለ።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አዲስ ጥናት ጀመረ። በከተማው ዙሪያ ካሉት የወተት ላሞች ስንቱ ታመዋል፣ ወተታቸውስ ሰውን ምን ያህል ያሰጋል የሚል ነው። ጥናቱን የምትመራው ዶክተሯ በሃያ ዓመት ታንሰኛለች፤ በጭንቅላት ግን… እሱን ተዉት። ወተት ስለሚበላሽ የመጣ ቀን እንዲመረመር አዘዘች። ደሙ ግን ተጣርቶ ፍሪዘር ይገባል፤ አራት መቶ ናሙና ሲሞላ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ይመረመራል። ዛሬ ሁለት ነገ ሦስት እየቆነጠሩ ቢሠሩት ዓይንም ይሳሳታል፣ ውጤቱም አይመዛዘንም። ደግሞም የወተቱና የደሙ ውጤት ተሟልቶ ሳይገኝ ለባለላም ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። ጥሩ ሕግ ነው። አሁንም ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ።

ናሙና የሚወሰድባቸው ግቢዎች የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ ለእህቴ ግቢም ዕጣ ወጣ። ዕቃዬን ይዤ ስገባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መጣ አፍሉት! ላሞቼ ዛሬ ጉዳችሁ ፈላ!» አለች።

ከስድስቱም ደም ቀዳሁ። ስድስተኛዋ ዥጉርጉር ናት፣ ክፉ ነች፤ ጉልበቴን ረግጣኝ ሳምንት አነከስኩ። ከዚያ ከትልቁ የወተት ጣሳ ናሙና ወሰድኩ። «ስንቶቹ ይታለባሉ?» ብዬ ስጠይቅ እህቴ፣ «አምስቱ፤ ዥጉርጉሯ ነጥፋለች፣ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል» አለችኝ። ጻፍኩት። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ «የምትታለብ አምስት፣ የነጠፈች አንድ» ብዬ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ወተቱን መረመርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቱቦ ውስጥ ባለው ወተት ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምሮ አንድ ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በሽታው ካለ ቀለሙ ከስቡ ጋር ተንሳፍፎ ከላይ ሰማያዊ ቀለበት ይሠራል። የእህቴ ወተት ቀለበት አልሠራም። ስቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ለብቻዬ እዚያው ወንበሬ ላይ ሳቅኩ።

እሁድ ምሳ እህቴ ቤት ነበርኩ። ድንቡሼ የፈላ ወተት በብርጭቆ ቀርቦላት አፍንጫዋን ይዛ ታየዋለች። ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሏታል፣ የፈላው ሽታ ደግሞ ሆዷን ያገላብጠዋል።

«አጎቴ፣ የእኛን ወተት መርምረኸው የለ? ምን አለበት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «ምንም የለበትም፤ ጥርት ያለ ነው» አልኳት።

«እና ጥሬውን ብጠጣስ?»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። «ደግሞ አፍሉትን ትጠይቂዋለሽ? ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ ይፈቅድልሻል!»

ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት ከልካይ ሆኜ ኖሬያለሁ። በዚያች ቀን ግን እሺ የሚል አጎት መሆን አማረኝ። «ጠጪ፣ ግድ የለም፤ እኔ አለሁ» አልኳት። እህቴ እልል አለች። ድንቡሼ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ።

የመረመርኩት ወተት የአምስት ላሞች ነበር። ስድስተኛዋ ጣሳው ውስጥ አልነበረችም። እኔ ይኼን የማላውቅ አይደለሁም፤ ለተማሪዎች ያስተማርኩት ነገር ነው። ስድስተኛዋ ስትወልድ ወተቷ እዚያው ጣሳ ውስጥ እንደሚገለበጥ ለማሰብ ዶክትሬት አያስፈልግም። የእሷ ነገር የሚታወቀው በደሟ ነው፤ ደሟ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ርቆ። አንዲት ጠብታ ወስዶ ለመመርመር አራት ደቂቃ ይበቃል። ግን ተራው አልደረሰም፣ አራት መቶው አልሞላም። ሕግ ስጥስ እንኳ በግማሽ ነው የጣስኩት፤ አትናገር የሚለውን ጥሼ ጠብቅ የሚለውን አከበርኩ።

ዥጉርጉሯ በቀኗ ወለደች። እህቴ ደውላ፣ «እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሏት የከብት ሐኪም ጠራሁ፤ ጥጃውም ደካማ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ» አለችኝ። ይኼን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ የዚህችን ባክቴሪያ ነገር በእንቅልፍ ልቤ የምናገር ሰውዬ! ሌላ ቀን ቢሆን «ወተቷን ለዪ!» ብዬ እጮህ ነበር። የዚያን ቀን ግን የሪፖርት ቀን ደርሶብኝ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እየጻፍኩ ነበር። «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት፤ ዘጋሁት።

ከወር በኋላ ድንቡሼን ትኩሳት ያዛት። ማታ ማታ ያልባታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል። ጉንፋን ነው ተባለ። አምስት ወር ተኩል ሲሞላት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አስወረዳት። ወንድ ነበር። ሐኪም ቤት ስደርስ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ተኝታለች፤ እጄን ያዘችኝና «ረቡዕ ዕለት ጀሪካን አንስቼ ነበር» አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን አራት መቶው ሞላ። ደሙን ሁሉ አወጣን፣ ቀለጠ፣ መመርመር ጀመርን። ትንሽ ነጭ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ከደሙ፣ አንድ ጠብታ ሮዝ ፈሳሽ፤ እያወዛወዙ አራት ደቂቃ መጠበቅ። ጤነኛው እንዳለ ይቀራል፤ የታመመው እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራል። ቱቦዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር አራት ደቂቃም አልጠበቀ፤ ገና ስነካው ተቋጠረ። መዘገብኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ የስሙን መዝገብ ከመሳቢያዋ አውጥታ ገለጠች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼ የእህትዎ ግቢ አይደለም እንዴ? ስድስተኛዋ ላም» አለችኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ስለ ላሟ የደነገጥኩ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ፤ «ዛሬውኑ ይደውሉላቸው፣ ላሟን ይለዩ፣ ወተቱንም ያፍሉ። ወተቷንም አስቀድቼ ከደሟ ጋር እልካለሁ፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ እስኪያረጋግጥልን ሌላ ነገር አንናገርም» አለችኝ። ስለ ድንቡሼ አልነገርኳትም።

ለእህቴ ደወልኩ። «ወተቱን አፍሉ፣ ዥጉርጉሯን ለይተሽ እሰሪ» አልኳት።

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«አይ አንተ፣ በዚህ ሐዘን መሃል እንኳ አትተወንም» አለችኝ።

ሆዴ ይፍጀው አልኩ። ማረጋገጫው ይምጣ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ተመራማሪ ባልተረጋገጠ ነገር አፉን አይከፍትም። ይኼን ሁሉ ለራሴ ስነግር እኔው ራሴ አላመንኩትም። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም፤ የተማረ ፈሪ ደግሞ የላቦራቶሪ ማኅተም ያለው ሰበብ ያገኛል። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን አሳለፍኩ።

በእነዚያ ቀናት እህቴ ቤት መሄድ አላቆምኩም። ብቀር ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቀረበልኝ። ድንቡሼ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች፤ ትኩሳቱ አሁንም አለቀቃትም። እህቴ ከወጥ ቤት ስትገባ ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥላለች።

«ይኼውልህ! ሃያ ሊትር!» አለችኝ፤ ወደ ልጇ ዞረች። «ከቧንቧው እስከ ወጥ ቤት! ሰባት ዓመት የጠበቅሽውን ልጅ በዚህች ነው የገደልሽው። እናትሽ ሞታ ነበር? እኔ አልቀዳም ነበር?»

ክፋት አይደለም፤ አውቃታለሁ። ሐዘኗ መውጫ አጥቶ ነው። ድንቡሼ አንገቷን ደፍታ እንባዋን በብርድ ልብሱ ጠረገች። እኔ የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ተመለከትኩ። «ተያት እንግዲህ» አልኩ፤ ከዚያ የቀረውን ሻይ ጠጣሁ።

ማረጋገጫው የመጣው ዓርብ ነው። ላሟ ታማለች፣ ወተቷም ውስጥ ባክቴሪያዋ ተገኝታለች። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ በቀጥታ ሄድኩ። እህቴ ግቢውን ስትጠርግ ነበር፤ «ነይ ግቢ» አልኳት፣ እሷንና ድንቡሼን ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ስለ አምስቱ ላሞች ወተት፣ ስለ ነጠፈችው፣ ፍሪዘር ስለቆየው ደም ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጀሪካኑ አይደለም» አልኳት ድንቡሼን። «እኔ ነኝ። ይኼ ትኩሳትሽም ጉንፋን አይደለም፤ ነገ ደምሽ ይመርመር፣ መድኃኒት አለው።»

እህቴ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀረች። ድንቡሼ ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ በወደድኩ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

«ማረጋገጫው ዛሬ ነው የመጣው።»

«እሱን አይደለም። አንተ መቼ ነው ያወቅከው?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።»

በጣቷ ቆጠረች። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ በጣቷ ቆጠረች።

«እንግዲያ ማክሰኞ ታውቅ ነበር» አለች። «እማዬ ጀሪካኑን ይዛ ስትገባ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆነህ።»

«አውቅ ነበር።»

«ወተቱን እኔም ፈልጌው ነው፤ አንተም ሆን ብለህ አይደለም። እሱን እተውልሃለሁ» አለች። «ልጄን ገደልኩ ብዬ ሳለቅስ ግን ሻይህን ትጠጣ ነበር።»

እህቴ መጥረጊያውን ጥላ ልጇ እግር ሥር ተደፋች፣ «አፌ ቁርጥ ይበል! አፌ ቁርጥ ይበል!» እያለች ጉልበቷን ትስማለች። ድንቡሼ ጎንበስ ብላ እናቷን አቀፈቻት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። እዚያ ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ወጣሁ።

ይኼ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጥናቱ አስወጣችኝ፣ ልክ ነች። አሁን ጠርሙስ ነው የማጥበው። ዥጉርጉሯ ተወገደች። ድንቡሼ ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቷን ውጣ ጨርሳ ዳነች፤ ይኼንንም የሰማሁት ከእህቴ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ አጎቴ ማለቷንም አልተወችም፤ ግን አትቆምም። ሐኪሙ ሌላ ልጅ ትወልጃለሽ ብሏታል። ትወልዳለች፣ እኔም አምናለሁ። እህቴ ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ «ድንቡሼ…» ብላ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ተወችው፤ «ምንድነው?» ስላት «ኧረ ምንም፣ ልጅቷ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች» አለችኝ።