አሥር ቀርከሃ

ሦስቱ የብረት መለኪያዎች ያረፉት በአቶ ቸሩ ጭን ላይ ነበር። እያንዳንዳቸው ሃምሳ ሜትር የሚዘረጉ፣ በቆዳ ከረጢት የተጠቀለሉ ናቸው። መኪናዪቱ ጎድጓዳ በረገጠች ቁጥር ሦስቱም እኩል ተነሥተው እኩል ይወርዳሉ፤ የሚወርዱትም በጉልበታቸው ላይ ነው። ከአሶሳ ከወጡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፤ አቶ ቸሩ ግን መቁጠሩን ትተውታል።

«ከበዱዎት ይሆን?» ሲሉ ወይዘሮ ሸዋሉል ከፊተኛው ወንበር ዞር ብለው ጠየቁ።

«ምንም አይሉም።»

«መጀመሪያ አንዱን ብቻ ይዤ ልነሣ ነበር። ኋላ ሪፖርትዎን ደግሜ ሳነበው መቶ አርባ ሜትር ይላል። ከጎረቤት ክፍል ሁለት ተዋስኩ።»

ወይዘሮ ሸዋሉል የአገሪቱን መስህቦች በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትም ከተነሣ መሥሪያ ቤት፣ ከአዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ የሰሙትን ሁሉ ወዲያው በማስታወሻ የሚያሰፍሩ ሴት ናቸው። ትናንት ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ፣ ከፏፏቴዎቹም ሁሉ በፊት የሚቀመጠው ይኸው የአሶሳው እንደሆነ ተናግረዋል።

ክልሉ ከተመሠረተ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ለቢሮዎቹ ወንበር ሳይመጣ ቅጽ የመጣበት ጊዜ ነው። ከቅጾቹ አንዱ «ፏፏቴ፤ ከፍታው በሜትር» የሚል ሣጥን ነበረው። አቶ ቸሩ ደግሞ በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎታቸው ባዶ ሣጥን ትተው የማያውቁ የመረጃ ባለሙያ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን፣ የቢሮውን አጥር ሊሠሩ የመጡትን ሼህ ሻዕባንን ጠየቋቸው። ሼህ ሻዕባን በቤትና በአጥር ሥራ የታወቁ የበርታ አዛውንት ናቸው። ከመንደራቸው አጠገብ ከገደል የሚወርድ ውሃ እንዳለ ነገሯቸው።

«ቁመቱስ ምን ያህል ይሆናል?»

«አሥር ቀርከሃ።»

አቶ ቸሩ በመንግሥት ሥራ ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ሰምተው አያውቁም። ስለ ቀርከሃ ደግሞ ማንም አያስተምራቸውም፤ የተወለዱት እንጅባራ አጠገብ፣ በቀርከሃ ጥላ ሥር ነው። የአገራቸው ቀርከሃ አሥራ አምስት ሜትር ይቆማል። ለጥንቃቄ አንድ ሜትር ቀነሱለት። አሥራ አራት በአሥር ተባዛ፤ መቶ አርባ ሆነ፤ በቀለም ተጻፈ።

የቢሮው ኃላፊ ቁጥሩን በስብሰባ ላይ ሲያነቡት አዳራሹ አጨበጨበ። በኋላ ግን አቶ ቸሩን ለብቻቸው ጠርተው፣ «ክልላችን አዲስ ነው። አዲስ ጎጆ የወጣን ሰው ጎረቤት ሁሉ በቀዳዳ ነው የሚያየው። ይኼ ቁጥር እንዳያሳፍረን» አሏቸው። አቶ ቸሩም «ፊርማዬ አለበት» ብለው መለሱ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በዘመናቸው ያፈሩት ሀብት ቢኖር አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልገባችበት የግል ማኅደራቸው ነው።

መንገዱ ከሆሞሻ ወዲያ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ኮረብታ ለኮረብታ ይሄዳል። ጥቅምት ነውና ማሽላው ራሱን ደፍቷል፤ ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ በነዶ ቆሟል። ጎጆዎቹ በማንጎ ዛፍ ተሸፍነው ከጣራቸው ጫፍ በቀር አይታዩም። ወይዘሮ ሸዋሉል ያያሉ፣ ይጽፋሉ። አቶ ቸሩ የሚያዩት የእጅ ሰዓታቸውን ነው፤ ምክንያቱም ሾፌሩ ማህጁብ የአገሩ ልጅ በመሆኑ ሰላም ሳይል የሚያልፈው ሰው የለም። ሰላምታውም እጅ በማንሣት የሚያበቃ አይደለም። ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ የቤቱን፣ የልጆቹን፣ የእርሻውን፣ ባለፈው ሳምንት ያነከሰችውን ፍየል ደኅንነት በየተራ ይጠይቃል። ተጠያቂውም በፋንታው የመኪናዪቱን ጤንነት ሳይቀር ይጠይቃል።

«ማህጁብ፣ ልጄ» አሉ አቶ ቸሩ በአራተኛው ማቆሚያ ላይ፣ «ፍየሏን ስንመለስ ብንጠይቃትስ?»

«ጋሽ ቸሩ፣ መኪና ይዞ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ኮራ ይባላል። ስንመለስ መኪናዋ ብትቆምብን ማን ይገፋልናል?»

ሼህ ሻዕባን ከአቶ ቸሩ ጎን ተቀምጠዋል። ከእጃቸው የማይለየው የቀርከሃ በትራቸው በመኪናው ውስጥ አልበቃ ስላለ ጫፉ በመስኮት ወጥቷል። ለወንድም ለሴትም፣ ለአለቃም ለሾፌርም አንድ ዐይነት «አንተ» ያላቸው ሰው ናቸው። «አይዞህ፣ ሙዲር» አሉ፤ በዚያ አገር አለቃ የተባለ ሁሉ ሙዲር ነው። «ውሃው አይሄድም። እዚያው ነው።»

ከቀትር በፊት መንገዱን የሚያቋርጥ ወንዝ ላይ ደረሱ። ድልድይ የለውም፤ ውሃው ደፍርሶ ጥልቀቱ አይታይም። ሼህ ሻዕባን ወርደው በትራቸውን ከዳር ሰደዱት፤ አውጥተውም ርጥበቱ የደረሰበትን በጣታቸው ያዙ።

«ሩብ ቀርከሃ» አሉ።

አቶ ቸሩ በልባቸው አሰሉ። ሩብ ቀርከሃ ሦስት ሜትር ተኩል ነው።

«ማህጁብ፣ እንዳትንቀሳቀስ። መኪናው ከነጣራው ይሰጥማል።»

ማህጁብ በመስተዋቱ አያቸው። «ሩብ እኮ ነው ያሉት፣ ጋሽ ቸሩ።»

«ሩብም ቢሆን።»

ሼህ ሻዕባን ክርክሩን አልጠበቁም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወደ ወንዙ ገቡ። አቶ ቸሩ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት አዛውንቱ ከወንዙ መካከል ቆመው በእጃቸው ይጠሯቸዋል። ውሃው ጉልበታቸውን አላለፈም።

አቶ ቸሩ ጉልበቱን አዩ። በትሩን አዩ። በትሩ ከሼህ ሻዕባን እግር ተነሥቶ ቅንድባቸው ላይ ያበቃል። የጉልበቱም ከፍታ የዚያ በትር ሩብ ነው። ማንም ሳይነግራቸው ሒሳቡ ራሱ መጥቶ ተደረደረ፤ አንድ በትር አንድ ሜትር ከስድሳ ቢሆን፣ አሥር በትር አሥራ ስድስት ሜትር። መቶ ሃያ አራት ሜትር ፏፏቴ በዚያች ወንዝ ዳር በጸጥታ ጠፋ።

አዛውንቱ ተመልሰው ሲቀመጡ አቶ ቸሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ሼህ ሻዕባን፣ ያን ጊዜ አሥር ያሉኝ በዚህች በትር ነው?»

«በሌላ ሰው በትር እንዴት እለካለሁ?» አሉ ሼህ ሻዕባን ተገርመው። «ድንጋይ አሰርኩ፣ ገመድ አወረድኩ። ገመዱን በዚህ ለካሁ። ወላሂ አሥር ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

«እኔ ግን ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ መቶ ሃያ አምስት ጨምሬ፣ ለጥንቃቄ አሥር ቀነስኩ» ሲሉ አሰቡ አቶ ቸሩ። ይህም ስሌት የተሳሳተ መሆኑን ያወቁት መኪናዪቱ ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ነው። በዚያ ቀን ቁጥር ሁሉ ከድቷቸዋል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአቶ ቸሩ ጠባይ ተለወጠ።

«ማህጁብ፣ እዚያ ማንጎ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ ሰላም ሳንላቸው ልናልፍ ነው?»

ወረዱ፤ ራሳቸው ቀድመው ወረዱ። የሽማግሌውን ጤና፣ የልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የፍየሎቻቸውን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁ። ሽማግሌው እንዲህ ያለ ትሑት ሹም አይተው አያውቁምና ከርከዴ ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉ። አቶ ቸሩ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ፤ ሦስተኛም ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ሰሊጥ የሚወቁ ሴቶች ዘንድ ቆሙ። ከዚያም አንድ የታሰረ አህያ ዘንድ ቆሙ፤ ባለቤቱ በአጠገቡ አልነበረም።

«ጋሽ ቸሩ» አለ ማህጁብ መሪውን እንደ ያዘ፣ «ሰዉ ለምርጫ ቅስቀሳ የመጣን እየመሰለው ነው።»

መንገዱ ወደ ቀርከሃው ደን ገባ። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፤ አየሩ ቀዘቀዘ። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወረወራሉ። አቶ ቸሩ ይህን ውበት ከልባቸው ባዩት በወደዱ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስቡት በወይዘሮ ሸዋሉል ካሜራ ውስጥ ያለውን ፊልም ነበር።

«ጉሬዛዋን ቢያነሧት መልካም ነው፣ ወይዘሮ ሸዋሉል። ያችኛዋንም። ያ ድንጋይም ታሪክ ሳይኖረው አይቀርም።»

«ፊልሙን አቆየዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሸዋሉል። «መቶ አርባ ሜትር በአንድ ፎቶ አይገባም።»

አቶ ቸሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ቁጥሩ ነገር...»

«አዎን፣ ቁጥሩ ነው ያመጣኝ።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሎች ለክተነዋል ያሉትን ስቀዳ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ በእጄ ልለካ ብዬ፣ ለምኜ ነው የመጣሁት።»

ሊናገሩት የነበረው ቃል ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሦስቱ ጥቅሎች ጉልበታቸውን መቱት፤ በዚህ ጊዜ እንደሚገባቸው ቈጠሩት።

ፏፏቴውን ከማየታቸው በፊት ሰሙት። ማህጁብ መኪናዋን አቆመ፤ ሁሉም በእግር ወረዱ። ቀርከሃው ተከፈተ። ከጥቁር አለት አፋፍ ላይ ውሃው እንደ ተገለበጠ እንስራ ሳይሆን እንደ ተገለበጠ ወንዝ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጭጋግ ይነሣል፣ በጭጋጉ ውስጥ ቀስተ ደመና ቆሟል። ከታች ያሉት ሴቶች ልብስ ማጠባቸውን አቁመው እንግዶቹን ተመለከቱ። ወይዘሮ ሸዋሉል ወደ ላይ ለማየት አንገታቸውን ብዙ ማቅናት አላስፈለጋቸውም። ቆመው አዩ። ምንም አልጻፉም።

አቶ ቸሩ ተጠጉ። «ተሳስቻለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?»

ውሃው አጭር ይሁን እንጂ ድምፁ የመቶ አርባ ሜትር ነበር። አቶ ቸሩ በዕድሜያቸው በቢሮ ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርገው አያውቁም። «ተሳስቻለሁ። ቀርከሃው የእርሳቸው በትር ነው።»

«የማን በትር?»

«እኔ የእንጅባራውን መስሎኝ...» ጮኹ፤ ሴቶቹ በሙሉ ሰሙ፤ ከማዶ ያለ የፍየል መንጋ ቀና አለ። ወይዘሮ ሸዋሉል እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ማህጁብ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ ያስረዳቸው ጀመር። አቶ ቸሩ አፉ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ኑዛዜያቸው ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የማህጁብ ግን አላልቅ አለ። በመካከሉ እጁን ዘርግቶ ወንዙን አሳየ፤ ጉልበቱን ነካ፤ ዐይኑን ጨፈነ። አህያውም ሳይነሣ አልቀረም።

ወይዘሮ ሸዋሉል ሰምተው ሲጨርሱ አቶ ቸሩን አዩ፤ ከዚያም በክንዳቸው ያቀፏቸውን ሦስት ጥቅሎች አዩ። አንዱን ብቻ ተቀበሏቸው።

ማህጁብና ሼህ ሻዕባን በጎን ባለው ቀጭን መንገድ ወደ አፋፉ ወጥተው መለኪያውን አወረዱ። ወይዘሮ ሸዋሉል ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ገቡ፤ ጫፉንም በራሳቸው እጅ ያዙ። አሥራ አምስት ሜትር ከሰማንያ። ሁለት ጊዜ ለኩት፤ ያው ነው። ከዚያም ራሳቸው ርሰው፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተጣብቆ፣ ከውሃው ድምፅ ራቅ ብለው የሼህ ሻዕባንን በትር በሣሩ ላይ አጋድመው ለኩት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።

ፏፏቴውን በበትሩ ለማካፈል ወረቀት አላስፈለጋቸውም።

«እኔ አሥር አልኩ» አሉ ሼህ ሻዕባን ጥቂት ቅር ብሏቸው።

«አሥር ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋሉል። ከዚያም ወደ አቶ ቸሩ ዞረው በቢሮ ድምፅ ተናገሩ። «ለኃላፊዎ የማረሚያ ደብዳቤ በእጅዎ ይጽፉልኛል። ስምዎ፣ ስሕተትዎ፣ ፊርማዎ ይኖርበታል። ፏፏቴው መጀመሪያው ገጽ ላይ አይወጣም፤ ይኼን ለኃላፊዎ እርስዎ ይነግሯቸዋል። ከመጽሐፉ ግን አላወጣውም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ለኪውን በዐይኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።»

አቶ ቸሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ጠረጴዛ አድርገው ጻፉ። ነጩ ማኅደራቸው ታያቸው፤ ይህችም ወረቀት ስትገባበት ታየቻቸው። ከፍታው ለሚጻፍበት ስፍራ ሲደርሱ ቀና አሉ። «በምን ልጻፈው?»

«በሁለቱም። ሜትሩን ይጻፉ፤ ከሥሩ አሥር ቀርከሃ ይበሉ። የማን ቀርከሃ ነው ብለው እንዳይጠይቁን በትሩን አባሪ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ሼህ ሻዕባን ከፈቀዱ።»

ሼህ ሻዕባን በሁለት እጃቸው አቀበሏቸው። «ውሰድ። በእኔ በትር አዲስ አበባንም ለካ።» ከዚያ ባዶ እጃቸውን አዩ። «እኔ ግን በምን እሠራለሁ? ነገ አጥር አለኝ።»

ማህጁብ ከደኑ ዳር አንድ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ቆርጦ አመጣ። በአገሩ ደንብ የሰው መለኪያ የሚቆረጠው ሌላ ሰው በባለቤቱ ቅንድብ ልክ ምልክት አድርጎለት ነው፤ ለራሱ የሚቆርጥ ያጭበረብራል ይባላል። ሼህ ሻዕባን ቀርከሃውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ና፣ ሙዲር፣ አንተ ምልክት አድርግ» አሉ።

አቶ ቸሩ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ምልክት አደረጉ። ማህጁብ ቆረጠው። ሼህ ሻዕባን አዲሱን በትር ከጎናቸው አቁመው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጫፉ ከቅንድባቸው አንድ ስንዝር ገደማ አልፏል። ያን ጊዜ ለጥንቃቄ የቀነሰው የአቶ ቸሩ እጅ ዛሬ ደግሞ ለጥንቃቄ ጥቂት ጨምሮ ነበር።

አዛውንቱ በትሩን አዩ፤ ፏፏቴውንም አዩ።

«ይሁን» አሉ። «ከዛሬ ወዲያ ውሃው ዘጠኝ ነው።»

ወደ መኪናው መመለስ የጀመሩት ወይዘሮ ሸዋሉል ቆሙ። ልብስ አጣቢዎቹ ወጥተው ዙሪያውን ከበቡ። አቶ ቸሩ ቢላውን ከማህጁብ ተቀበሉ፤ ተንበርክከው በትሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ ቅንድቡ የነበረበትንም ስፍራ በአውራ ጣታቸው ፈልገው ስለቱን አሳረፉበት። ውሃው ይጮኻል።

«ጋሽ ቸሩ» አለ ማህጁብ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ፣ «ቀስ ይበሉ። ካበዙት አሥራ አንድ ይሆናል።»