ከሐሙስ በኋላ ስም አይጻፍም

በላይነህ የኳስ ወሬ ከተነሳ ሰው አያስወራም። በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ፣ ሎኬሽን በሚባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ የከፈቱ አበሾች እሁድ እሁድ የሚጋጠሙበትን ውድድር ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያቋቋመው እሱ፣ ፀሐፊው እሱ፣ የጻካኔ ሰፈር ቡድን የቀኝ ክንፍ ተጫዋችም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው የታመመ ጉልበት ብቻ ነው።

ሐኪሙ "በቃህ" ስላለው ይህ እሁድ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ሚስቱ ፅናት በነዚያ ሁሉ ዓመታት እሁድን ሱቅ ስትጠብቅ ኖራ፣ አንድም ቀን ሲጫወት አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን ሱቁን ዘግታ መጣች። ከሰኞ ጀምሮ ሲጨነቅ የሰነበተው ለዋንጫው አልነበረም፤ እሷ እንድታየው ነው።

ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾችን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ የፀሐፊው ሥራ ነው። የተጋጣሚያቸውን የካትሌሆንግን አንብቦ ጨረሰ፣ የጻካኔን ቀጠለ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደብተሩን መላልሶ አገላበጠ። የሰዉን ሁሉ ስም እየለቀመ ሲጽፍ የራሱን ረስቶታል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከሐሙስ በኋላ ስም አይጻፍም፣ ያልተጻፈም አይሰለፍም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።

"ጋሽ በላይነህ፣ ይግቡ። እኛ ቅር አይለንም" አለ የካትሌሆንጉ አምበል አብዱልጀባር።

"ዓምና አንተን በዚሁ ደንብ መልሼህ የለ? ሳትቀየም ዳር ቆመህ ጨዋታውን ተመለከትክ። ዛሬ ለኔ ሲሆን ይሻር?"

ፅናት "አይ አንተ ሰው፣ ከነደንብህ ነው ለካ ያገባሁህ" አለችው። እየሳቀች ብትለውም ከፍቷታል። በላይነህ ማሊያውን እንደለበሰ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጎል ሲመዘግብ ቆየ።

ካትሌሆንግ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ከሜዳ የወጣ ሰው አልነበረም። አብዱልጀባር ኳሱን ይዞ መጣና ደብተሩን ከበላይነህ እጅ ወስዶ ለፅናት ሰጣት።

"ውድድሩ አለቀ። አሁን ተደባልቀን እንዲሁ ልንጫወት ነው። ለዚህም ደንብ አለዎት?"

በላይነህ አሰበ፣ አሰበ። አልነበረውም።

እያነከሰ የቀኝ መስመሩን ይዞ ሮጠ። የራራለት የለም፤ ሁለቴ ኳስ ቀሙት። በሦስተኛው አልፎ አሻማ፣ አብዱልጀባርም በግንባሩ አገባው። በላይነህ ልማዱ አልለቅ ብሎት እያለከለከ ወደ ሚስቱ መጣ።

"ፅናት፣ ጻፊው እንጂ፤ ደብተሩ የታል?"

ፅናት ደብተሩ ላይ ተቀምጣበት ነበር።

"ሂድ ተጫወት" አለችው። "እያየሁህ ነው።"