በገዛ ጆሮዋ

ጌታው ውሸታም ነው ቢባል ጎንደር አጠገብ ባለችው መንደር በወለቃ የሚከራከር አልነበረም። ክፉ ውሸታም ግን አይደለም። ሰው ደስ ይበለው ብሎ የሚዋሽ፣ ማረሻ ሲሠራ «ይኼን የልጅ ልጅህ ያርስበታል» እያለ ገበሬውን የሚያስፈነድቅ ብረት ሠሪ ነው። አዝመራም ያገባችው በዚሁ አፉ ተሸንፋ ነው። ጣጣው የመጣው ሆዷ ገፍቶ ከባሏ አፍ እውነት የፈለገች ዕለት ነው።

አዝመራ ሸክላ ሠሪ ናት። ከዚህ በፊት አንዴ ፀንሳ ነበር። ያኔ ፅንሱ ዝም ሲልባት፣ አማቷ እማማ ጥሩም፣ ጎረቤቱም፣ ጌታውም «ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው» አሏት። አመነቻቸው። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ስላባበሏት አልተቀየመቻቸውም፤ ማመኗን ግን ለራሷ ይቅር አላለችም። አሁን ደግሞ ይኼኛው፣ ጎኗን ሲደቃት የከረመው፣ ሰሞኑን ጸጥ ብሏል።

«ተኝቶ ነው» አላት ጌታው።

«ይችን ቃል ሁለተኛ ካፍህ እንዳልሰማት!» ብላ በእጇ የነበረውን ጭቃ ወረወረችበት። ጭቃው ግንባሩ ላይ ተለጠፈ፤ ሳይጠርገው ወደ ሥራው ሄደ።

በዚያው ሳምንት ለወናፉ አዲስ አፍ ሠርታለት ነበር። የወናፍ አፍ ማለት ነፋሱ ከቆዳው ወጥቶ ወደ ከሰሉ የሚገባበት የሸክላ ቧንቧ ነው፤ ባንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ። ጌታው እንዲህ ያለ ዕቃ ሲረከብ ጠባቡን ጆሮው ላይ ደግኖ ሰፊውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይናገራል። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ሲሞክር፣ አዝመራ አጠገቡ ጋደም ብላ አያትና ሊያስቃት ሰፊውን አፍ ሆዷ ላይ አሳረፈው።

ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ከዚያ ብድግ ሲል ራሱን ከጣሪያው ማገር ጋር አጋጨ።

«አዝመራ! ይመታል! ልቡ ይመታል!»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚመታ?»

«ቶሎ ቶሎ ነዋ! ትክ ትክ ትክ ትክ! የማረሻ ጫፍ ሳሾል በትንሿ መዶሻ እንደምመታው፣ ፋታ የለው!»

አዝመራ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች። የእሷ ልብ በዝግታ ነው የሚመታው። ልብ ማለት ደግሞ ለእሷ ይኼው ነው፤ ሌላ ዓይነት አታውቅም። «የሰው ልብ እንዲህ አይሮጥም» አለችው። «ደግሞ ጀመርክ!»

«ሰንበትን እውነቴን ነው!»

«ሰንበትን አትንካ!»

ጌታው ምስክር ፍለጋ ሮጦ እናቱን ጎትቶ አመጣ። እማማ ጥሩ በርከክ ብላ ቧንቧውን ደገነች፤ የደገነችው ግን ከእምብርት በላይ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። «ሸጋ ነው» አለች በመጨረሻ። «ዱብ… ዱብ… ዱብ… ይላል። አይቸኩል፣ አይደነግጥ። የረጋ ልጅ ነው፣ ባባቱ አልወጣም።»

አለቀ! አንዱ ይጋልባል ይላል፣ አንዷ ያዘግማል ትላለች። እማማ ጥሩ የሰማችው የአዝመራን የራሷን ልብ እንደሆነ ማን ይንገራት? አዝመራ ሁለቱንም በተራ አየቻቸውና «ለመዋሸት እንኳ አትመካከሩም» አለች።

ወሬው ግን ከቤት ወጣ። የሰፈሩ ሴቶች ተንጋግተው መጡ፤ ቧንቧውን እየተናጠቁ አዳመጡ። አንዷ ድስት ሲፈላ ሰማሁ አለች፣ ሌላዋ ወንዝ ነው አለች። አንዷ ደግሞ፣ የፈጣሪ ያለህ፣ ሲስቅ ሰማሁት ብላ ማለች። ሳቁ፣ ተገፋፉ፣ እልል አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ሲፈነጥዝ ያልሰማች የሆዱ ባለቤት ብቻ ነበረች።

እንዴት ትስማ? ተጣጥፋ ሞከረች። በጎኗ ተኝታ ሞከረች። ግድግዳ ተደግፋ አንገቷን ቀልሳ ብትሞክር አንገቷ ቀጭ አለ እንጂ ጆሮዋ ሆዷ ጋ አልደረሰም። ጌታው ሳቁን ለመያዝ ጋቢውን ነክሷል። አይታው እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ለቅሶው ቀደማት።

«እኔ ራሴ ካልሰማሁ አላምንም፣ ጌታው» አለችው። «ያኔም ሁላችሁ ደህና ነው ብላችሁኝ ነበር።»

«ቧንቧውን ታጣፊ አርገሽ ብትሠሪው?»

«የሚታጠፍ ሸክላ የት አይተህ ታውቃለህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታው የሚያጽናና ውሸት ጠፋው።

ጊዜው ጣልያን ጎንደርን ይዞ የደባርቅን መንገድ የሚያስጠርግበት ነው፤ ማኪናው ቀን ከሌት በወለቃ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ዓርብ ከሰዓት አንዱ ዳገቱ ላይ ሳል በሳል ሆኖ ቆመ። ጣልያኑ ሾፌር የተሰበረ ማሰሪያ ብረት ይዞ ወደ ጌታው መጣ። ጌታው ቀጥቅጦ አበጀለት። ሾፌሩ ሊከፍል ኪሱ ሲገባ ግን ጌታው ራሱን ነቀነቀና ከማኪናው ኋላ የተንጠለጠለውን አሮጌ የጎማ ቱቦ አሳየው።

«ለምን?» አለ ሾፌሩ በእጁ።

ጌታው ጋቢውን ጠቅልሎ ልብሱ ሥር ወሸቀና ትልቅ ሆድ አበጀ። እጁን ወገቡ ላይ አርጎ ተንገዳገደ። ከዚያ ቱቦውን ከሆዱ ወደ ጆሮው እያሳየ «ትክ ትክ ትክ!» አለ። ሾፌሩ መጀመሪያ ሰውየውን ሆዱን ያመመው መስሎት አዘነ፤ በኋላ ሲገባው የማኪናውን በር ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀና በካራ ቆርጦ ሰጠው። ጣልያን አገራችንን ወርሮ የሰጠን የረባ ነገር ቢኖር ይቺ ቁራጭ ጎማ ናት።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ስትገባ የወለቃ ሰንበት፣ ቅዳሜ፣ ይገባል፤ ያኔ ማሰርም መፍታትም የለም። ጌታው ጎማውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቁልቁለቱን በረረ። እማማ ጥሩ እሳቱን አጥፍታ በር ላይ ቆማለች።

«ምነው፣ በሰንበት ዋዜማ እባብ ይዘህ ትሮጣለህ?»

«እማዬ፣ አንቺ ፀሐይዋን ጠብቂልኝ!»

የአዝመራ እጅ የሸክላ ሠሪ ነውና ወዲያው ገባው። ጎማውን በቧንቧው ጠባብ አፍ ሰካች፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጭቃ ደፈነች፣ ጌታው በክር ጠፈረው። «ልትገባ ነው!» ትላለች እማማ ጥሩ ከበሩ። «ግማሿ ገብታለች!»

አዝመራ በጀርባዋ ተኛች። ጌታው ሰፊውን አፍ ሆዷ ላይ ያዘላት፤ እሷ የጎማውን ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የተጠገነው ማኪና ያኔውኑ እያገሳ ተነሣ፤ እስኪርቅ ድረስ ሦስቱም በልባቸው ረገሙት።

ከዚያ ዱብ… ዱብ… የሚል ሰማች። ደረቷን ነካች፤ የራሷ ነው። «ዝቅ አርገው» አለች። ጌታው ዝቅ አደረገው። ምንም የለም። «ወደ ግራ።»

ትክ ትክ ትክ ትክ ትክ።

እጇን ከደረቷ ሳታነሣ ቆየች። በመዳፏ ሥር አንዱ ያዘግማል፤ በጆሮዋ ሌላው ፋታ የለው፣ ይጣደፋል። ሁለት ናቸው።

«ጌታው» አለች፣ «እውነትህን ነው።»

ጌታው በዕድሜው እንዲህ ተብሎ አያውቅምና የሚሆነውን አጣ። አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀድሞት ጺሙ ውስጥ ገባ። ሊጠርገው አንድ እጁን ሲያነሣ የአዝመራ ሆድ ድንገት ጉብ አለ። ቧንቧው ከጌታው እጅ ተስፈንጥሮ መሬት ላይ እንክት አለ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?» ብላ ጮኸች እማማ ጥሩ። «ፀሐይዋ ገብታለች፤ እስከ እሑድ ሌላ አይሠራም!»

አዝመራ ጎማው ከጆሮዋ ተንጠልጥሎ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። «ልጄ» የሚለውን ቃል ባለፈው ሐዘን ጊዜ ውጣው ከዚያ ወዲህ ደፍራ አላወጣችውም ነበር፤ አሁን ሰፈሩ እስኪሰማ አወጣችው።

«ልጄ ነው እማማ! ልጄ ነው የሰበረው፣ በእግሩ!»