የጃቢር ዲዛይንና የላሜ ሳር

ባሌ ጃቢር ወደ ስልጠናው ሲሄድ ጀሪካን ነጋዴ ነበር፤ ሲመለስ የተፈጥሮ ጠበቃ ሆኖ አረፈው። አንገቱ ላይ ካርድ፣ እጁ ላይ ሰርተፍኬት፣ አፉ ላይ «ፐርማካልቸር» የሚሉት ተፈጥሮን የተከተለ እርሻ። ሰላም እንኳን ሳይለኝ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሀቢቦ፣ ይሄ ግቢ ዲዛይን የለውም» አለኝ።

ማንያታ ሰፈር ያለችው ግቢያችን ላሟ ስትዞር ጭራዋ አጥር የሚነካባት ናት። እሱ ግን አምስት ዞን አወጣላት። ዞን አንድ ሱኩማ የሚባለው ጎመን የሚተከልበት፣ ዞን አምስት ደግሞ የሰው እግር የማይረግጠው ዱር። ዱሩ ሽንት ቤታችን በር ላይ ዋለ። የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ይመላለስበት ጀመር።

ይህን ሁሉ በሳቅ አሳለፍኩት። ያልሳቅኩት በሳሩ ነው። ዝናብ ጠፍቷል፣ ላሜ እርጉዝ ናት፣ ከጎልቦ ቆላ በስንት ልመና አንድ ጋሪ ደረቅ ሳር አስመጥቼላት ነበር። ከገበያ ስመለስ ጃቢር ሳሩን ሱኩማው ሥር መሬት ላይ እያነጠፈው ደረስኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«መሬቷን እያለበስኳት። ራቁቷን ከተተወች ፀሐይ ትገድላታለች።»

«ላሟስ?»

«ላሟ ዞን አራት ናት።»

ከዞን አራት እንዳትሻገርም ሻምባውን፣ እርሻውን ማለቴ ነው፣ በእሾህ አጠረው። ላሜ አንገቷን በእሾሁ ላይ አስግጋ የራሷን ሳር እያየች ትውላለች። እኔ ካርቶን በጨው ውሃ እየነከርኩ አበላታለሁ። አልዋሽም፣ የቆፈረው ቦይ አንድ ቀን ካፊያ ሲጥል ውሃ ይዟል። ሳሩን ግን ከላሜ ቀድሞ ምስጥ ቀመሰው። የጎድን አጥንቷ ሲወጣ ሳይ አለቀስኩ። ልነሳና እሾሁን ልጥለው ስል ጃቢር «አሰልጣኙ ኬቨን ሊያየው ይመጣል፤ ካለፍኩ ጎዶማ መንደር ሄጄ አስተምራለሁ። ስሜን አታጥፊው» ብሎ ለመነኝ። እኔም ቂሏ እሺ አልኩት።

ኬቨን በቦዳ ቦዳ ሞተር መጥቶ ገና የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ሽማግሌው አዳኖ ከጎልቦ ደረሱ። ቆሞ መሄድ ያቃተው ጥጃ እየደገፉ ነው። እሾሁንና ሳሩን አይተው ፊታቸው በራ።

«ካሎ አበጅታችኋል ሲሉ ሰማሁ። ረቢ ይስጣችሁ።»

ካሎ በኛ አገር ለከሳ ላምና ለደከመ ጥጃ በእሾህ የሚታጠር ሳር ነው። ደካማ ጥጃ ከካሎ የከለከለ ሰው ስሙ በክፉ እስከ ጎልቦ ይነሳል፤ የጃቢርን ጀሪካን የሚገዙት ደግሞ የጎልቦ አርብቶ አደሮች ናቸው።

«አባቴ፣ ይሄ ካሎ አይደለም፣ ሻምባ ነው» አለ ጃቢር።

«ሳሩ ታዲያ ለማን ነው?»

«ለመሬቱ።»

ሽማግሌው መሬቱን አዩ፣ ጃቢርን አዩ፣ ከዚያ እኔን የእብድ ሚስት እንደሚያዩ በሀዘኔታ አዩኝ። «መሬት ሳር ይበላል እንዴ?» አሉ በቀስታ።

ጃቢር ኬቨንን ያያል፣ ጥጃውን ያያል። በመጨረሻ እሾሁን ጎተተው። ጥጃው ገብቶ ከሱኩማው ሥር ሳሩን መልቀም ጀመረ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ የላሜን ገመድ ፈትቼ ተከተልኩ።

«ይቺም ደካማ ናት። እስቲ አባታችን ፊት ከልክላት!»

አልከለከላትም። ኬቨን ግን ተደስቶ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። «ሳፊ ሳና! ግሩም ነው! ከብትና አትክልት ተዋሕደዋል! ይሄ ዲዛይኑ ውስጥ ነበር?»

ጃቢር አዎ ቢል የጎዶማ ሥራ በእጁ ነበር። እሱ ግን ወደ ላሟ ዞረ። ኬቨን ጎንበስ ብሎ ባዶ የቀረውን መሬት ነካካና ተጨነቀ። «ሳሩ ካለቀ ግን መሬቱን ምን ይሸፍነዋል?»

«ኬቨን ወንድሜ፣» አለ ባሌ፣ «መጀመሪያ የላሟን አጥንት ሥጋ ይሸፍነው።»

ከዚያ ራሱ ተንበርክኮ የቀረውን ሳር ሰበሰበ። ምስጡን አራግፎ እፍኝ እፍኙን ወደ አፏ አቀረበላት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድም አብራ ልትበላው ስትል አውልቆ ኪሱ ከተተው። እኔም ከስልጠናው ከተመለሰ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌን ወደድኩት።