ቁጥር አንድን ጥራ

አስማረን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጣቱ» ነበር የሚለው። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና ሥራው የተማሩት ያሰቡትን በኮምፒዩተሩ ላይ መምታት ነው። ያ ኮምፒዩተር በእርዳታ ጎንደር ገብቶ የተመረቀ ለት ሰንጋ ታርዶ ቁርጡ ለምሁራኑ ሲሆን እሱን በር ጠብቅ አሉት። አልረሳውም። ምን ሲባል ይረሳል?

ኮምፒዩተሩ አንድ ጠባይ አለው። ለጠየቁት ሁሉ መልሱን ከነቁጥሩ ያወጣል። ኋላ ያን መልስ ለሌላ ስሌት የፈለገ እንደ አዲስ አይለፋም፤ ቁጥሩን ብቻ ይጠራል። መብራት ከተቋረጠ ግን ሁሉንም ይረሳል።

ያን ቀን ጠዋት፣ ለማነጻጸሪያ ብለው፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ወረቀት የደንቢያን የዓምና ምርት አሰሉ። መልሱ ቁጥር አንድ ሆነ። ወረቀቱን ያመጣው ሰው ቦርሳው ውስጥ ከትቶት ከአዘዞ በአውሮፕላን ተመለሰ።

ወዲያው ጓድ ቢሻው ገባ፤ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበውን የእህል ኮታ የሚቆርጠው እሱ ነው። አስማረ የዘንድሮውን ወረቀት ሲያነሳ አየው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የዘንድሮውን ላስገባ።»

«ምን ያደክምሃል? ቁጥር አንድን ጥራና በእሱ ኮታውን አውጣ። ከሰዓት ይላካል።»

«እሱ የዓምናው ነው፣ ጓድ። ዘንድሮ እኮ ደንቢያን ተምች በልቶታል።»

«ተምች ፀረ አብዮት ነው፤ አንቆጥረውም!» ቢሻው በራሱ ቀልድ ሳቀ።

አስማረ አልሳቀም። እህቱ ይርገዱ ከደንቢያ፣ ከኮላ ድባ መጥታ «አያ አስማረ፣ በዓምናው ልክ ከጠየቁን በሬውን ሸጠን፣ እህል ገዝተን ነው የምናስረክብ። ኋላ በምን እንረስ?» ብላው ነበር። ውጭ አገር የተማረውን የእርሻ ባለሙያ፣ አቶ ተክለ ጊዮርጊስን፣ ዞር ብሎ አየው። ሰውዬው መነጽሩን ይወለውላል።

«ተው ጣቱ» አለ ቀና ሳይል። «አንተ ምን አገባህ?»

«ምታው!» አለ ቢሻው። «ከሥሩም ስምህን ጻፍ። ያሰላው ሰው ስም ይፈለጋል።»

«ስሜ?» አስማረ ብድግ አለ። «ቁርጥ ሲበላ ጣቱ፣ በሬ ሲሸጥ አስማረ?»

ጎንበስ ብሎ የኮምፒዩተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ድርግም አሉ።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«ቁጥር አንድ የለም። እንግዲህ እየጮህክ ጥራው። የቀረህ የዘንድሮው ወረቀት ነው።»

«አሳስርሃለሁ!»

«እሰር። በሬ ግን በስሜ አታሸጥም።»

ዘበኛው ክንዱን ይዞ ደረጃውን ሲያወርደው የቢሻው ጩኸት ከላይ ተከተላቸው፦ «የዓምናው ስንት ነበር? ስንት ነበር እኮ!» ሁሉም «ቁጥር አንድ» ሲለው ዋለ እንጂ ልብ ብሎ ያየው አልነበረም። የሚያውቀው የመታው ጣት ነው፤ እሱም ወደ እስር ቤት እየወረደ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመሩ። የተክለ ጊዮርጊስ ድምፅ ተሰማ፦ «የዘንድሮውን አንብቡልኝ… ቀስ እያላችሁ።»

አስማረ ቆመ። ዘበኛው ቢጎትተውም አልነቃነቅ አለ። አንገቱን ወደ ላይ መዘዘና ሕንፃው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

«ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ! ከሥሩ ስምዎን እንዳይረሱ!»